ከአፍና ከጉሮሮ ነቀርሳ የዳነ ሰው ወደ ማዕዱ እንዴት ይመለሳል?

አፍ ለሰው ልጅ የሁለት ታላላቅ ነገሮች በር ነው። ሥጋውን የሚያኖረው እህል የሚገባው በእርሱ ነው፤ አሳቡን ለባልንጀራው የሚገልጽበት ቃልም የሚወጣው በእርሱ ነው። ስለዚህ በአፍ፥ በምላስ፥ በጉሮሮና በአንገት ላይ የሚነሣ ደዌ የሰውን ኑሮ ከሥሩ ያናጋዋል። እግሩ የታመመ ሰው ከወዳጆቹ ጋራ ተቀምጦ ይበላል፥ ይጫወታል፤ አፉ የታመመ ግን በገዛ ቤቱ ማዕድ ፊት እንግዳ ይኾናል።

ሐኪሞች ነቀርሳውን በቀዶ ጥገና አውጥተው ወይም በጨረር አጥፍተው ሕመምተኛውን ወደ ቤቱ በሰደዱት ጊዜ ዘመድ ሁሉ «ዳነልን» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ደስታውም የተገባ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣው ሥራ የሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ የሚስት፥ የእናት፥ የልጅና የጎረቤትም ሥራ ነው። የዳነው ሰው እንጀራ መዋጥ ቢያቅተው፥ ቃሉ ባይሰማለት፥ አፉ ደርቆ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ፥ መዳኑ ግማሽ መዳን ይኾንበታል። በዱርቤቴና በአቸፈር፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም፥ በጠቅላላውም በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለምትኖሩ ቤተ ሰቦች ዛሬ በዚህ ገጽ የምናቀርበው ምክር ስለዚሁ ነገር ነው።

ስሙ ያመጣው ስሕተት

በአገራችን ቋንቋ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች ይነገራል። አንደኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ይህ በዐይን ከማትታይ ተሐዋሲ የሚመጣና ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ የሚተላለፍ ነው። ሁለተኛው ዛሬ በብዙ ሰው አፍ ካንሰር የሚባለው ነው፤ ይህም የሰውነት ሕዋሳት ሥርዐታቸውን ትተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚነሣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር አይደለም። ኹለቱ በአንድ ስም ስለ ተጠሩ በብዙ ቤት ስሕተት ይደርሳል፤ የአፍ ካንሰር የያዘውን ሰው ዋንጫውን ይለዩበታል፥ ልጆቹን ያርቁበታል፥ በአንድ መሶብ መብላትም ይፈሩታል። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው። ከእርሱ ጋራ አብሮ መብላት፥ እርሱን ማጉረስና መሳም ካንሰሩን አያጋባም።

ደግሞም በአንገት ላይ የወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር እንዳልኾነ ማወቅ ይገባል። በደጋው አገር አዮዲን ከማነስ የሚመጣው እንቅርት ብዙ ነው፤ የነቀርሳ ተሐዋሲም በአንገት ዕጢዎች ላይ ገብታ ታሳብጣለች። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረታችን የአንገት ሕመም ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበረ ያስረዳል። ይኹን እንጂ ስለ ተለመደ ብቻ ቸል ሊባል አይገባውም። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልደረቀ የአፍ ቍስል፥ በምላስ ወይም በድድ ላይ የወጣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፥ ከሦስት ሳምንት በላይ የቈየ የድምፅ መጎርነን፥ እህል ሲውጡ የሚሰማ መሰንቀር፥ በአንገት ላይ የሚያድግ ጠንካራ እብጠት፥ ከአፍ ወይም ከአፍንጫ የሚወርድ ደም፥ እነዚህ ሁሉ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። በጋለ ብረት መተኰስ፥ እንጥል ማስቈረጥ፥ ሥር መቀባት ጊዜ ያባክናል፤ ጊዜው ሲያልፍም መጀመሪያ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይወጣ የነበረው በኋላ ግማሽ ምላስን ወይም መንጋጋን ያስከፍላል። ጠበሉንና ጸሎቱን የሚከለክል ሐኪም የለም፤ ሐኪሙ የሚለምነው ጠበሉና ሕክምናው ጎን ለጎን እንዲኼዱ ብቻ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለውም ስለዚህ ነው።

የአፍ፥ የጉሮሮና የማንቍርት ካንሰር በዓለም ላይ በያመቱ ወደ 900 ሺህ ገደማ ሰዎችን ይይዛል። ከሚያመጡት ነገሮች ታላላቆቹ ትምባሆና ጠንካራ መጠጥ ናቸው። ትምባሆው በሲጋራ ቢጠጣ፥ በጋያ ቢማግ፥ በሱረት ቢሳብ ወይም በጉንጭ ቢያዝ ጕዳቱ አይቀርም፤ ካቲካላ ሲጨመርበት ደግሞ የአንዱ ጕዳት የሌላውን ያባዛዋል። ሂውማን ፓፒሎማ የሚባለው ቫይረስም በጉሮሮ ውስጥ ካንሰር ያስነሣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ትምባሆ ማጨስን ከልክሏል፤ በዚያው ዓመትም በዚህ ቫይረስ ላይ የሚሰጠው ክትባት ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለኾናቸው ልጃገረዶች በአገራችን ተጀምሯል።

ሕክምናው ምን ያድናል፥ ምን ይወስዳል?

የዚህ በሽታ ሕክምና ሦስት መንገድ አለው፤ ቀዶ ጥገና፥ ጨረርና መድኃኒት። ማንቍርትን ሙሉ በሙሉ ያወጣው ቀዶ ጥገና የታወቀው በቪየና ከተማ የነበረው ሐኪም ቢልሮት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. በሠራው ሥራ ነው። ሮንትገን በ1895 ዓ.ም. ኤክስሬይ የተባለውን ጨረር ገለጠ፤ ማሪ ኪዩሪና ባልዋም በ1898 ዓ.ም. ራዲየምን አገኙ። ከዚያ ወዲህ ጨረር የካንሰር ጠላት ኾኖ ይኖራል። በአገራችን የጨረር ሕክምና የተጀመረው በፈረንጆች 1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቍር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ከዚያ ሌላ ስፍራ አልነበረም። በኋላ ግን እንደ ጅማና እንደ ሐረማያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎችም ተጀምሯል።

ጨረሩ በአንድ ቀን አያልቅም። በሳምንት አምስት ቀን፥ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወይም ለሰባት ሳምንት ይሰጣል። ከዱርቤቴ ተነሥቶ በዳንግላ፥ በቡሬ፥ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ ዐልፎ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ለሚገባ ገበሬ ይህ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ጕዞና ከእርሻው ርቆ ሁለት ወር ገደማ መቀመጥ ነው። ስለዚህ አያሌ ሰዎች አፋቸው በጨረሩ ሲቈስል «ብሶብኛል» ብለው በመካከል ትተው ይመለሳሉ። ቤተ ሰብ አጥብቆ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በጨረር ሕክምና መካከል የሚመጣው ቍስል የሕክምናው ዋጋ እንጂ የበሽታው መባስ አይደለም፤ መካከሉን ማቋረጥ ግን የቀረውን ካንሰር እንደ ገና ያሳድገዋል። ጎረቤት በደቦ እርሻውን ቢያርስለት፥ ዕድሩ ለስንቅና ለቤት ኪራይ ቢያግዘው፥ ይህ ራሱ መድኃኒት ነው። በፈረንጆች 2011 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፥ ዱርቤቴ ዋና ከተማው የኾነው ደቡብ አቸፈር ከእነዚያ አንዱ ነበረ። በመድኑ የተመዘገበ ሰው በቅድሚያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ኼዶ ከዚያ የመላኪያ ወረቀት ማስጻፍ እንዳለበት አይርሳ፤ ያለዚያ ወረቀት ቢኼድ መድኑ ሳይረዳው ሊቀር ይችላል።

የሰውን መዳን በዕድሜ ብቻ መቍጠር እንደማይበቃ ዓለም ያወቀው ቀስ እያለ ነው። በቪየና ይኖር የነበረው የአእምሮ ሐኪም ዚግመንድ ፍሮይድ በ1923 ዓ.ም. በላይኛው መንጋጋው ካንሰር ተገኘበት፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖረ፤ ከ30 ጊዜ በላይም ተቀደደ። ላንቃው ስለ ተወሰደ አፉን ከአፍንጫው የሚለይለት ሰው ሠራሽ ላንቃ ይሰኩለት ነበር፤ ያም ሲጠብቅ ያቈስለዋል፥ ሲላላ ደግሞ ንግግሩንና ምግቡን ያበላሽበታል። ከሰው ፊት መብላት ያፍር ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ያስታመመችው ልጁ አና ናት። እርሱ ግን እስከ መጨረሻው ጽሕፈቱንና ሥራውን አልተወም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር እናያለን፤ ካንሰሩ ተቈርጦ ሲወጣ መከራው እንደማያልቅ፥ ደግሞም አስታማሚ ያለው ሰው በመከራው ውስጥ ሥራ እንደሚሠራ።

ዛሬ ሐኪሞች የሕመምተኛውን ኑሮ በጥያቄ ይመረምራሉ። የኤውሮፓ የካንሰር መርማሪዎች ማኅበር ለአፍና ለአንገት ካንሰር ያዘጋጀው ወረቀት 35 ጥያቄዎች አሉት፤ ሕመም አለብህ ወይ፥ ትውጣለህ ወይ፥ አፍህ ይደርቃል ወይ፥ ጥርስህ ያስቸግርሃል ወይ፥ አፍህ ምን ያህል ይከፈታል፥ ጣዕምና ሽታ ታውቃለህ ወይ እያለ ይኼዳል። ከእነዚህም መካከል በቤተ ሰብህ ፊት መብላት ይከብድሃል ወይ የሚል ነገር አለበት። ለካንሰር ሕመምተኞች ሁሉ የሚያገለግለው የዚሁ ማኅበር ጠቅላላ ወረቀት በዐማርኛ ተተርጕሟል። ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ሲመለስ «ደኅና ነኝ» ብቻ ብሎ እንዳይወጣ፥ አስታማሚውም አብሮ ገብቶ የመብሉንና የንግግሩን ነገር በዝርዝር እንዲናገር ያስፈልጋል።

ስለ ጥርስ፤ ከጨረር በፊትና በኋላ

ጨረሩ ሳይጀመር የሕመምተኛው ጥርስ በጥርስ ሐኪም መታየት አለበት። የተበላሸ ጥርስ ካለ ጨረሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ተነቅሎ ቍስሉ መዳን ይገባዋል። ምክንያቱም ጨረር የመንጋጋን አጥንት ደም ሥሮች ያደክማቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ ቢነቀል ቍስሉ ሳይድን ይቀርና አጥንቱ ይሞታል። ይህ አደጋ ከዓመታት በኋላም አይጠፋም። እንግዲህ በጨረር የታከመ ሰው ከስንት ዘመን በኋላም ቢኾን ጥርሱ ቢያመው በገበያ ለሚገኝ ጥርስ ነቃይ አፉን እንዳይከፍት፥ ወደ ሐኪምም ሲኼድ «መንጋጋዬ በጨረር ታክሟል» ብሎ አስቀድሞ እንዲናገር፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይህን ቃል በልቡ ይያዝለት።

ምራቅ ሲደርቅ ጥርስ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል፤ ምራቅም አፍን ያጥባል፥ ጥርስን ከሆምጣጣ ነገር ይጠብቃል፥ እህልን ያለሰልሳል። ጨረሩ የምራቅ ዕጢዎችን ሲመታቸው ይህ ሁሉ ይጐድላል። ስለዚህ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለስላሳ በኾነ የጥርስ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና ማጽዳት ይገባል። ሻካራ መፋቂያ የቈሰለውን ድድ ስለሚልጠው እስኪድን ድረስ ይቅር። ማርና ስኳር ኀይል ይሰጣሉ፤ ኾኖም በደረቀ አፍ ውስጥ ሲቀመጡ ጥርስ ይበላሉና ከእነርሱ በኋላ አፍን መጕመጥመጥ ያስፈልጋል።

ስለ ቍስልና ስለ ድርቀት

ጨረሩ ከተጀመረ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የአፍ ውስጥ ቈዳ ይቀላል፥ ይላጣል፥ ያቃጥላል። ይህ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ይቈያል፤ ከዚያም ይድናል። ለዚህ የሚኾነው የቤት መድኃኒት ቀላል ነው። አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ወስዶ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በውስጡ ማሟሟት ነው። በዚህ ውኃ ከመብል በፊትና በኋላ፥ ከመኝታም በፊት ተጕመጥምጦ መትፋት ይገባል፤ በየቀኑም አዲስ ይበጃል። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ቍስሉን ስለሚያቃጥል አይኾንም። ሕመሙ ቢበረታ ሐኪሙን የሕመም ማስታገሻ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሕመሙ የታገሠለት ሰው ይበላል፥ የበላም ሕክምናውን ይጨርሳል።

የአፍ ድርቀት ግን ከቍስሉ ይልቅ ይቈያል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ለዓመታት፥ በሌላውም ላይ እስከ ዕድሜ ፍጻሜ ይኖራል። በእንግሊዝ አገር በ94 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2011 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ፥ በአሮጌው የጨረር አሰጣጥ ከታከሙት ከመቶው 74ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ከባድ ድርቀት ነበረባቸው፤ የምራቅ ዕጢዎችን እየራቀ በሚሰጠው በአዲሱ ዘዴ ከታከሙት ግን ከመቶው 38ቱ ብቻ ነበሩ። ይህም ጕዳቱ በመሣሪያ መሻሻል እንደሚቀነስ ያሳያል። አዲሱ መሣሪያ ባልደረሰበት ስፍራ ያለ ቤተ ሰብ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፤ ሕመምተኛው ወደ ገበያም ወደ እርሻም ሲኼድ ውኃ እንዲይዝ፥ ማታም በራስጌው ውኃ እንዲያኖር፥ ከትምባሆና ከአረቄ እንዲርቅ፥ ደረቅ ቂጣና ቈሎ በፊቱ እንዳይቀርብለት ማሰብ ነው።

ስለ መብል፤ በበርበሬ አገር ያለ በርበሬ

የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በበርበሬው የታወቀ ነው። በዚያ አገር ያደገች ባለቤት ያለ በርበሬ የተሠራ ወጥ ለባልዋ ማቅረብ እንደ ነውር ትቈጥረዋለች። አሁን ግን ፍቅርዋን የምትገልጽበት መንገድ ሌላ ነው። የቈሰለ አፍ በርበሬን፥ ሚጥሚጣን፥ ሎሚን፥ ጠጅንና አረቄን፥ እጅግ የሞቀ ቡናንም አይችልም። በእነዚህ ፈንታ አልጫ ሽሮ፥ በመረቅ እጅግ የራሰ ፍትፍት፥ የተቀቀለና የተፈጨ ድንች፥ ወተት፥ እርጎ፥ በለጋ ቅቤ የላላ ገንፎ፥ ለስልሶ የተሠራ እንቍላል፥ ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት የተበጀ አጥሚት ለብ ብለው ይቀርባሉ። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብዙ ከማቅረብ ይልቅ ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ይሻላል። ጾም ሲደርስም ሕመምተኛው የነፍስ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም።

ጣዕም ስለሚጠፋበት ሕመምተኛው «እህሉ ዐመድ ዐመድ ይለኛል» ቢል እመቤቲቱ በእጅዋ ሙያ የተቀየመ አይምሰላት። ጣዕም በብዙዎች ዘንድ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል፤ ኹሉም ግን እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። የሰውነቱን ክብደት በየሳምንቱ በጤና ጣቢያ ሚዛን ማስመዘን መልካም ነው። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በስድስት ወር ውስጥ 6 ኪሎ ቢጐድልበት ይህ ብርቱ ምልክት ነውና ለሐኪም ይነገር። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል ቀጭን ጎማ አግብቶ ምግብ እንዲሰጠው ቢያዝ፥ ቤተ ሰቡ «አበቃለት» ብሎ አይደንግጥ። ጎማው ጕልበቱን እስኪያገኝ የሚያሻግረው ድልድይ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር እንጨምር። ጉሮሮው ለደከመ ሰው ከምግብ ሁሉ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ቀጭን ውኃ ነው። ውኃ ፈጣን ስለ ኾነ ጉሮሮው ሳይዘጋ ቀድሞ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ወፈር ያለ አጥሚት ግን ቀስ ብሎ ስለሚኼድ ይዋጥለታል። ሕመምተኛው ሲጠጣ ቢያስለው፥ ከጠጣም በኋላ ድምፁ እንደ ረጠበ ቢሰማ፥ ወይም በተደጋጋሚ የሳንባ ምች ቢይዘው፥ ይህ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነገር ነው። እስከዚያው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፥ አገጩን ጥቂት ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ፥ ጥቂት ጥቂት እየተጎነጨ፥ ሳይናገር ይዋጥ፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ። መዋጥ ራሱ የጡንቻ ሥራ ነውና የተወ ይረሳዋል። በሕክምናው ዘመን ሁሉ ጥቂትም ቢኾን በአፋቸው መዋጥን ያልተዉና የታዘዘላቸውን የጉሮሮ ልምምድ የሠሩ ሰዎች ኋላ የተሻለ እንደሚበሉ ታይቷል።

ስለ መንጋጋና ስለ ድምፅ

ጨረርና ቀዶ ጥገና የመንጋጋን ጡንቻ ያደርቁታል፤ ይህም ከሕክምናው በኋላ ከወራት ጀምሮ ሳይታወቅ ይመጣል። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቶቹን አቁሞ በላይኛውና በታችኛው ጥርሱ መካከል ማስገባት ይችላል። ስፋቱ ከ35 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንደ ኾነ ሐኪሞች መንጋጋው ተይዟል ይላሉ። በየቀኑ ብዙ ጊዜ አፍን እስከሚቻለው ድረስ ከፍቶ ጥቂት መያዝ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ፥ በባለ ሙያ ምክርም ቀጫጭን ንጹሕ እንጨቶችን ደራርቦ በጥርስ መካከል እያገቡ ቍጥሩን ቀስ በቀስ መጨመር ይጠቅማል። ሦስት ጣት የሚገባው አፍ ወደ ሁለት ሲወርድ አስቀድሞ የሚያየው የሚያጐርሰው ሰው ነውና ልብ ብሎ ይመልከት።

ማንቍርቱ በሙሉ የተወሰደበት ሰው የሚተነፍሰው በአንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ የቀድሞ ድምፁም አይመለስም። ነገር ግን ዲዳ ኾኖ አይቀርም። አየር ወደ ጉሮሮ ውጦ መልሶ በማግሣት መናገርን የሚማሩ አሉ፤ በአንገት ላይ በሚያኖሩት በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ የሚናገሩ አሉ፤ በ1980 ዓ.ም. ገደማ ሲንገርና ብሎም የተባሉ አሜሪካውያን ባሳወቁት ትንሽ ቧንቧ ከሳንባቸው በሚወጣ አየር የሚናገሩም አሉ። ይህን የሚያስተምሩ ባለ ሙያዎች በአገራችን ጥቂት ናቸውና፥ ሕመምተኛው ገና ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙን «በኋላ በምን እናገራለኹ?» ብሎ ይጠይቅ። ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ልጅ በቤቱ ካለ ሰሌዳና እርሳስ አይለዩት።

እንዲህ ባለው ሰው ላይ ውኃ ታላቅ አደጋ ነው። ወንዝ ሲሻገር፥ ገላውን ሲታጠብ፥ ጠበልም ሲጠመቅ፥ በጥምቀት ዕለትም ውኃ ሲረጭ፥ በአንገቱ ቀዳዳ አንዲት ማንኪያ ውኃ ብትገባ ታንቀዋለች። ስለዚህ ለካህኑ አስቀድሞ ተነግሮ ጠበሉ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ይፍሰስለት። ከወጥ ቤት ጢስና ከመንገድ አቧራም ቀዳዳውን በስስ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍን።

ጎጃም የቅኔና የዜማ አገር ነው፤ ዋሸራን፥ ጎንጅንና ዲማን የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም። በእንዲህ ያለ አገር ድምፁን ያጣ ደብተራ የሚያጣው ጉሮሮውን ብቻ ሳይኾን ማዕርጉንም ይመስለዋል። እንዲህ የሚያዝን አባት ቢኖር ደቀ መዛሙርቱ ይህን ያስታውሱት፤ ቅኔው ያለው በልቡናው ነው፥ በጽሕፈትም ይወጣል፤ መቋሚያና ጸናጽል የሚይዘው እጁም አልታመመም። ከጉባኤው እንዲቀር ሳይኾን በጉባኤው እንዲቀመጥ ይጥሩት።

ስለ ማዕድ ነውር

በአገራችን ፍቅር የሚገለጸው በጕርሻ ነው። እንግዲህ ማላመጥ ያቃተው፥ መረቁ በከንፈሩ ጥግ የሚፈስበት፥ ለአንድ እንጀራ አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ከማዕዱ እየሸሸ በጓዳ ብቻውን መብላት ይጀምራል። ብቻውን የበላ ጥቂት ይበላል፤ ጥቂት የበላ ይከሳል፤ የከሳም ልቡ ያዝናል። ከሕክምና በኋላ ብዙ ሰው የሚጐዳው በዚህ መንገድ ነው፥ ቤተ ሰቡም «ብቻውን መኾን ወደደ» ብሎ ዝም ይለዋል። ሕመምተኛው ግን ብቻውን መኾን አልወደደም፤ አፍሮ ነው።

ስለዚህ ገበታው ሲቀርብ የእርሱ አጥሚት በዋንጫ ኾኖ ከመሶቡ አጠገብ ይቅረብ እንጂ በጓዳ አይቀመጥ። እርሱ ከሌሎቹ ቀደም ብሎ ይጀምር፥ ሌሎቹም ቀስ ብለው ይብሉ። ንጹሕ መሐረብ በእጁ ይኑር፤ የሚፈሰውን ሲጠርግ ማንም አይቶ አይቀልበስ። ጕርሻ ሊሰጠው የሚወድ ሰው እንደ ቀድሞው ትልቅ አድርጎ አይጠቅልል፤ በመረቅ የራሰ፥ አንድ ጣት የምታህል ጕርሻ ትበቃዋለች። ቃሉ ባይሰማም ልጆች «ምን አሉ?» እያሉ እናታቸውን ከመጠየቅ ፊቱን እያዩ ታግሠው ይስሙት፤ ያልገባቸውንም እርሱን ራሱን መልሰው ይጠይቁት። ያዘነውና ከሰው የሸሸው ሰው ብዙ ቀን ካልተጽናና ይህንንም ለሐኪም መንገር ያሻል፤ የልብ ሐዘንም ሕክምና አለውና።

በመጨረሻ የቀጠሮውን ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ይህ ካንሰር ተመልሶ የሚመጣ እንደ ኾነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። ስለዚህ ቍስሉ ቢሽርም፥ መከሩ ቢደርስም፥ መንገዱ ቢርቅም፥ ቀጠሮ አይዘለል። አንገቱ በጨረር የታከመ ሰው ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ያለ ምክንያት ብርድ ብርድ ቢለው፥ ድካም ቢጫነውና ሰውነቱ ቢከብድ፥ የአንገቱ ታይሮይድ ዕጢ ደክሞ ሊኾን ይችላልና ደሙን ያስመርምር፤ በየቀኑ በሚዋጥ አንድ ክኒን ይታገዛል።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ይህን ያነበባችሁ ላላነበበው ንገሩ፤ በተለይም የጥርሱን፥ የውኃውንና ሕክምናን የማቋረጡን ነገር። ሐኪሙ ነቀርሳውን ከአፍ ያወጣል፤ ሰውየውን ወደ ማዕዱ የሚመልሱት ግን በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት ናቸው።